ኢዮብ ምን አጠፋ?

ለቅሶ ቤት ሐዘንተኛን «የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥህ» ብሎ ማጽናናት የቆየ ልማዳችን ነው። መጽሐፈ ኢዮብን ገልጦ ያነበበ ሰው ግን ግራ ይገባዋል። ኢዮብ ችሎ የሚቀመጠው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ምዕራፎች ነው። በሦስተኛው የተወለደባትን ቀን ይረግማል፤ ከዚያም ጥፋቱ ምን እንደሆነ ይነገረው ዘንድ ፈጣሪውን ይሞግታል። 42 ምዕራፍ ካለው መጽሐፍ አብዛኛው ክርክር ነው።

ክርክሩ አማኝን ሁሉ አንድ ቀን ይገጥመዋል። እግዚአብሔር ቸር ከሆነ ክፋት እንዲኖር አይወድም፤ ሁሉን ቻይ ከሆነ ማጥፋት ይችላል፤ ክፋት ግን አለ። በምዕራቡ ክርስትና ብዙ የተሰማው የጥንቱ የቤተ ክርስቲያን መምህር የአውግስጢኖስ መልስ ነው፦ እግዚአብሔር ክፉ ነገር አልፈጠረም፤ ክፋት የበጎ ነገር መጉደል ነው፤ የገባውም ፍጡራን ነፃ ፈቃዳቸውን ያለ አግባብ ስለ ተጠቀሙበት ነው። ይህ ስለ ነፍሰ ገዳይና ስለ ጦርነት ብዙ ያስረዳል። ማንም ሰው ያላደረሰው መከራ ሲመጣ ግን መልሱ ይሳሳል። የአዳም ውድቀት ፍጥረትን ሁሉ አናግቷል የሚሉ አሉ፤ ይህን በታመመ ሕፃን አልጋ አጠገብ ቆሞ መናገር ግን ቀላል አይደለም።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1755 ጠዋት የፖርቱጋል ዋና ከተማ ሊዝበን በምድር መንቀጥቀጥ ፈራረሰች። ዕለቱ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ስለ ነበር አብያተ ክርስቲያናቱ ሞልተው ነበር፤ ብዙ ምእመናን እዚያው ፍርስራሽ ተጭኗቸው ሞቱ። የባሕር ማዕበልና ቃጠሎ ተከተለ። ጋብርኤል ማላግሪዳ የተባለ ኢየሱሳዊ ቄስ በተከታዩ ዓመት ባሳተመው ጽሑፍ፣ አደጋው ከተማዋ በኃጢአቷ ያመጣችው ቅጣት ነው አለ። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ቮልቴር በበኩሉ፣ ይህ ዓለም ሊኖሩ ከሚችሉት ሁሉ የተሻለው ነው የሚለውን የጀርመናዊውን ፈላስፋ የላይብኒዝን ትምህርት በ1759 «ካንዲድ» በተባለው መጽሐፉ ተሳለቀበት።

ከሁለቱ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ማላግሪዳ ነው፤ እኛም ሰፈር አይጠፋምና። ሰው ሲታመም «ምን ሠርቶ ይሆን?»፣ ድርቅ ሲገባ «የኃጢአታችን ብዛት ነው» የሚል ሁልጊዜ አለ። የኢዮብ ወዳጆች ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ያሉትም ይኸንኑ ነው። ሰባት ቀን ሰባት ሌሊት አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ ደግ ለቅሶ ደራሽ ነበሩ። አፋቸውን ሲከፍቱ ግን እግዚአብሔር ጻድቅን አይቀጣም፣ ስለዚህ አጥፍተሃል እያሉ አስጨነቁት። በመጨረሻ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ነው፤ ቅን የተናገረው ኢዮብ ነው ብሎ፣ እሱ እንዲጸልይላቸው አዘዘ።

በሉቃስ 13 የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎች ይነሳሉ። ኢየሱስ ሟቾቹ ከሌላው የኢየሩሳሌም ነዋሪ የባሱ በደለኞች እንዳልነበሩ ተናገረ፤ ወዲያው ግን ሰሚዎቹን ንስሐ ግቡ አላቸው። ማስጠንቀቂያው ለቆመው ሰው ነው፤ በሞተው ላይ የሚፈረድ ፍርድ የለም። ሲወለድ ዕውር ስለነበረው ሰው ደቀ መዛሙርቱ ማን ኃጢአት ሠርቶ ነው ብለው ሲጠይቁትም፣ እሱም ወላጆቹም አይደሉም አለ።

ታዲያ ኢዮብ መልስ አገኘ? «ለምን» ለሚለው አላገኘም። እግዚአብሔር ከዐውሎ ነፋስ ውስጥ ስለ ከዋክብት፣ ስለ በረዶ፣ ስለ ሰጎን ይነግረዋል እንጂ በመጽሐፉ መጀመሪያ ሰይጣን ስለ እርሱ ምን እንዳለ አንዲት ቃል አይነግረውም። ክርስቲያኖች በዚህ ላይ ሁለት ነገር ይጨምራሉ፦ አምላክ ራሱ ንጹሕ ሆኖ በመስቀል ላይ መከራ መቀበሉን፣ ፍርድም ለመጨረሻው ቀን መቆየቱን። ተጠራጣሪን በክርክር ለመርታት ሁለቱም አይበቁም። አማኙ የሚይዛቸው በመከራው ብቻውን እንዳልሆነና የተፈጸመበትም በደል ተረስቶ እንደማይቀር ስለሚነግሩት ነው።

መጽሐፉን ለማንበብ ያሰበ ከምዕራፍ 1 እስከ 3፣ ከዚያ ከ38 እስከ 42 ይጀምር፤ የወዳጆቹን ንግግር ሲያነብ ግን መጨረሻ ላይ የተፈረደባቸው መሆኑን አይርሳ።