ዕለታዊ ልማድና የአንጎል ጤና በቆቦና በራያ ቆላ

የጎልማሳ ሰው አንጎል አንድ ኪሎ ተኩል አይሞላም፤ ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ ሰውነት በዕረፍት ላይ ሳለ ከሚጠቀምበት ኦክስጅን 20 በመቶ ያህሉን ለብቻው ይወስዳል። ይህን ኦክስጅንና ለጉልበት የሚሆነውን ስኳር የሚያገኘው ሳያቋርጥ ከሚደርሰው ደም በመሆኑ፣ የደም ሥርን የሚያጠብ፣ የሚያደድር ወይም የሚሰብር ነገር ሁሉ ውሎ አድሮ ጉዳቱ አንጎል ላይ ያርፋል። ለልብና ለደም ሥር የሚበጅ አኗኗር ለአንጎልም ይበጃል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

በዕድሜ የገፋ ሰው ነገር ሲደጋግም፣ የለመደው መንገድ ሲጠፋበት ወይም የልጁን ስም ሲስት “ጃጀ” ተብሎ መታለፉ የተለመደ ነው። ሐኪሞች ዲሜንሺያ የሚሉት፣ የማስታወስ፣ የማገናዘብና ራስን የማስተዳደር ችሎታ እየተሸረሸረ የሚሄድበት ይህ ሁኔታ ግን እንደ አልዛይመር ካሉ በሽታዎችና ከአንጎል የደም ሥሮች ጉዳት የሚመጣ እንጂ ዕድሜ ብቻውን የሚያስከትለው አይደለም። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ፣ በዓለም ላይ ከሚታየው ዲሜንሺያ 45 በመቶ ያህሉ ሊስተካከሉ ከሚችሉ 14 ምክንያቶች ጋር የተያያዘ እንደሆነ ገምቷል፤ ከእነዚህም መካከል የትምህርት ማነስ፣ የደም ግፊት፣ የስኳር በሽታ፣ የአካል እንቅስቃሴ ማነስ፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ የመስማትና የማየት ችሎታ መድከም፣ ድባቴ፣ ብቸኝነትና የአየር ብክለት ይገኙበታል።

ማሳውና ማዕዱ

ከዞብል ተራሮች በስተ ምዕራብ የተንጣለለው የቆቦ ሜዳ ዋና ሰብሉ ማሽላ ነው። ከደጋው የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሳ ማስገባት፣ መኮትኮትና ማረም፣ ማሽላው እሸት ሲይዝም ማማ ላይ ወጥቶ ወፍን በወንጭፍ ሲያባርሩ መዋል ለኑሮ የሚደረግ ሥራ ቢሆንም፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ይሁን ብሎ የሚመክረውን እንቅስቃሴ ገበሬው በአንድ ቀን ሊጨርሰው ይችላል። ጉድለቱ የሚታየው ይልቁንም በከተማው ውስጥ፣ ሱቅ ወይም ቢሮ ተቀምጦ በሚውለውና ለቅርብ መንገድም ባጃጅ በሚሳፈረው ነዋሪ ላይ ነው። በአሜሪካ 120 አረጋውያንን አሳትፎ ውጤቱ በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ለአንድ ዓመት አዘውትረው በእግራቸው በተጓዙት ሰዎች ዘንድ ሂፖካምፐስ የተባለው፣ ለማስታወስ ወሳኝ የሆነው የአንጎል ክፍል በ2 በመቶ ገደማ መጨመሩን አሳይቷል።

የማሽላ እንጀራ ከሽሮ ጋር፣ ሽምብራና ማሾም ሲታከሉበት፣ ቃጫና ፕሮቲን ያለው፣ የደም ስኳርን በድንገት የማያሻቅብ ማዕድ ነው። የሚጎድለው ብዙ ጊዜ አትክልት ነው፤ በቆቦና በጊራና ሸለቆ በመስኖ የሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲም ለገበያ ሲጫን ከጓዳ የሚቀረው ጥቂት ይሆናል። ጉድለቱ ነርቭን የሚጎዳውና መርሳትንም የሚያስከትለው ቫይታሚን ቢ12 በተፈጥሮው የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል በመሆኑ፣ ረጃጅም አጽዋማትን የሚጾሙ ሰዎች በፍስክ ወራት ወተትና እንቁላልን ቸል ባይሉ ይመረጣል።

ድምፅ የሌለው በሽታ

ከተዘረዘሩት ምክንያቶች ሁሉ ሳይታወቅ ብዙ የሚጎዳው የደም ግፊት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ሕመምም ሆነ ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ቆይቶ አንድ ቀን ስትሮክ፣ ማለትም ወደ አንጎል የሚሄደው ደም ድንገት መቋረጥ ወይም የደም ሥር መፈንዳት ሆኖ ይገለጣል። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ የሆነ ግፊት ክትትል ይፈልጋል። ጨው ግፊትን እንደሚያባብስ ቢታወቅም ልኩን መቆጣጠር ቀላል አይደለም፤ በርበሬውና ሽሮው ሲዘጋጁ ጨው ይገባባቸዋል፣ ወጡ ሲሠራም በላዩ ይጨመራል። ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች እንዲሆን ይመከራል።

ጨውን መቀነስ ግን አዮዲንን መተው አይደለም። በእርግዝና ወቅት የአዮዲን እጥረት የፅንሱን የአንጎል ዕድገት ስለሚያጓድል፣ በኢትዮጵያ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ ግዴታ ሆኗል። አዮዲን በሙቀትና በእርጥበት ስለሚባክን፣ በተለይ እንደ ቆቦ ባለ ሞቃት ቆላ ጨውን በተከደነ ዕቃ ማስቀመጥና ወጡ ሊወጣ ሲል መጨመር ይሻላል።

እንቅልፍ፣ ቡናና ጫት

በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመና በአይጦች ላይ የተካሄደ ጥናት፣ አንጎል በእንቅልፍ ጊዜ ከአልዛይመር ጋር የሚያያዘውን ቤታ አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን ጨምሮ ሌሎች ጎጂ ቅሪቶችን ከነቃበት ሰዓት ይልቅ በፍጥነት እንደሚያስወግድ አመልክቷል። ለአዋቂ ሰው በሌሊት 7 ሰዓት ያህል እንቅልፍ የሚመከር ሲሆን፣ የቡና ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅ፣ ምሽት ላይ የሚጠጣ ቡና ከአቦል እስከ በረካ ሲዘልቅ ሌሊቱን ያሳጥራል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ደግሞ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ አድርጎ እንቅልፍን የሚያባርር ቅመም ነው፤ ምርቃናውን ለማብረድ በመጠጥ የሚደረገው ጨብሲም የእንቅልፉን ጥራት ያበላሻል እንጂ አይክስም።

ጭንቅላትን ከአደጋ፣ ቤትን ከጢስ

ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚወስደው አውራ ጎዳና ቆቦን አቋርጦ ስለሚያልፍ፣ ለሞተር ሳይክል ነጂና ለተሳፋሪው ሄልሜት የአንጎል ጤና ጉዳይ ጭምር ነው። የወባ በሽታ ሲጠና አንጎልን እየመታ በተለይ በሕፃናት ላይ ዘላቂ ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል፣ በዚህ ቆላ በአጎበር መተኛትና ትኩሳት እንደጀመረ መመርመር ከዚሁ ጋር ይቆጠራል። በእንጨትና በኩበት እየጋገረች በጢስ ውስጥ የምትውል እናትም በጢስ መውጫና ጢስ በሚቀንስ ምድጃ ሳንባዋን ብቻ ሳይሆን የአንጎሏን የደም ሥሮች ታተርፋለች።

ቅሬ፣ ሽምግልናና ፊደል

በወሎ ቅሬ የሚባለው የመረዳጃ ማኅበር፣ የወዳጃ ዱዓና በራያ ዘወልድ በመባል የሚታወቀው የሽምግልና ሥርዓት አረጋውያንን ከሰው ጋር ያውላሉ፤ የሁለት ወገን ቃል ሰምቶ፣ የቆየ ነገር አስታውሶና አመዛዝኖ መፍረድ አእምሮን ሥራ አያስፈታም። ጆሮው የደከመ ወይም ዓይኑ በሞራ የተጋረደ ሽማግሌ ግን ቀስ በቀስ ከሸንጎው ስለሚርቅ፣ ጆሮን ማስመርመርና ሞራን በቀዶ ሕክምና ማስገፈፍ ወደ ሰው የመመለሻ መንገድ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ያለፈበት የቆቦ ሕዝብ የተሸከመው ሐዘንም ወደ ድባቴ ሊያመራ ይችላልና፣ ለወራት የቆየ ተስፋ መቁረጥ ሊታከም የሚችል ሕመም መሆኑን ቤተሰብ ሊያውቅ ይገባል።

ትምህርት አንጎል ጉዳትን የሚቋቋምበትን አቅም ያጠራቅማል፤ ባለሙያዎች ይህን የአእምሮ ጥሪት ይሉታል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ብዙ ጎልማሶችን ማንበብ በማስቻሉ ለኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኝቷል፤ ጎልማሳ ፊደል ሊቆጥር እንደሚችል ለመመስከር ከዚህ የተሻለ የአገር ውስጥ ምሳሌ አይገኝም።

በፊንላንድ ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 77 የሆኑ 1,260 ሰዎች የተሳተፉበትና ውጤቱ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ ምግብን፣ እንቅስቃሴን፣ የአእምሮ ሥራንና የግፊት ክትትልን ለሁለት ዓመት ያጣመሩት ሰዎች መደበኛ ምክር ብቻ ካገኙት የተሻለ ውጤት ማምጣታቸውን አሳይቷል። ሆኖም ግፊት አንጎልን በብዛት የሚጎዳው ከ40 ዓመት በኋላ ባሉት የጉልምስና ዓመታት ስለሆነ፣ እርጅናን መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን አገልግሎት ወደ ቀበሌ ወርዷልና፣ የራያ ጎልማሳ ወደ ጤና ተቋም ሄዶ ግፊቱን በማስለካት ቢጀምር፣ ነገ በሸንጎ ተቀምጦ የሚፈርድበትን አንጎል ከዛሬው ይጠብቃል።