ሰርተፊኬቱ ለሁለት ዓመት፣ እጅ ግን ለጥቂት ወራት

አንድ ፋብሪካ ለሠራተኞቹ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ለመግዛት ሲነሣ የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነው። ከሦስት አሠልጣኞች ፕሮፎርማ ይሰበሰባል፤ ዋጋው በሰው ይሰላል፤ አነስተኛ ያቀረበው ያሸንፋል። ሥልጠናው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ያልቃል፣ ሰርተፊኬት ይታደላል፣ ፎቶግራፍ ይነሣና ፋይሉ ይዘጋል። የተገዛው ነገር ግን መጋዘን እንደገባ ሲሚንቶ ከዚያች ዕለት ጀምሮ መበላሸት እንደሚጀምር ለገዢው የሚነግረው የለም።

የአሜሪካ የልብ ማኅበር ለሕይወት አድን ሥልጠና የሚሰጠው ሰርተፊኬት ለሁለት ዓመት ያገለግላል። እጅ ግን ይህን ያህል አይቆይም። የአዋቂ ሰው ልብ ሲቆም ደረቱን ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን ያስፈልጋል። ይህን አሳምሮ ይሠራ የነበረ ሠልጣኝ ካልተለማመደ በጥቂት ወራት ውስጥ ብቃቱ እየቀነሰ እንደሚሄድ በተደጋጋሚ በጥናት ታይቷል። ከዕውቀቱም ቀድሞ የሚጠፋው ክህሎቱ ነው። በጽሑፍ ፈተና ጥሩ ነጥብ ያገኘ ሰው አሻንጉሊቱ ፊት ሲንበረከክ ሊወድቅ ይችላል።

ችግሩ የሚብሰው ሥራው በማይደጋገምበት ቦታ ነው። የድንገተኛ ክፍል ነርስን የዕለት ሥራዋ ራሱ ያለማምዳታል። የአበባ እርሻ ወይም የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክሊኒክ ነርስ ግን ዓመቱን ሙሉ ራስ ምታት፣ የተቆረጠ ጣትና የሕመም ፈቃድ ስታስተናግድ ትከርማለች። ልቡ የቆመ ሰው ምናልባት በሥራ ዘመኗ አንድ ጊዜ ቢገጥማት ነው። ኦክስጅን የተቋረጠበት አንጎል ከአራት እስከ ስድስት ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። አምቡላንስ በስንት ደቂቃ እንደሚደርስ የአዲስ አበባን መንገድ የሚያውቅ ሰው ራሱ ያስላው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪው ለተጎዳ ሠራተኛ የመጀመሪያ ዕርዳታ በጊዜው እንዲሰጥ ያስገድዳል። «በጊዜው» የምትለዋ ቃል ልብ ልትባል ይገባል።

መፍትሔው ሌላ ረጅም ሥልጠና ይመስላል፤ አይደለም። በሰሜን ታንዛኒያ ገጠር የሚገኘው ሀይዶም ሉተራን ሆስፒታል ያለፈበት መንገድ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የሆስፒታሉ ባለሙያዎች ሲወለዱ የማይተነፍሱ ሕፃናትን ስለማዳን የአንድ ቀን ሥልጠና ወሰዱ። በአሻንጉሊት ሲፈተኑ ተሻሽለው ተገኙ፤ በማዋለጃ ክፍሉ አሠራር ላይ ግን ለውጥ አልመጣም። በ2011 ዘዴው ተለወጠ። አሻንጉሊቱ እዚያው ማዋለጃ ክፍል ተቀመጠ፤ በየሳምንቱ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ልምምድ፣ በየወሩ ደግሞ የ40 ደቂቃ ክለሳ ይደረግ ጀመር። ከለውጡ በፊትና በኋላ ያሉት ዓመታት ሲነጻጸሩ፣ በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሞቱት ሕፃናት ቁጥር ከ1000 ውስጥ ከ11.1 ወደ 7.2 ወርዷል። የበፊትና የኋላ ንጽጽር በመሆኑ ሌላ ምክንያት አልታከለበትም ማለት አይቻልም። ቢሆንም አምስት ደቂቃ ይህን ያህል የምትሠራ ከሆነ ርካሽ ናት።

ሒሳቡን ማየት ይቻላል። በሳምንት አምስት ደቂቃ ማለት በዓመት ለአንድ ሰው አራት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው። ይህም አንድ ሙሉ የሥልጠና ቀን ከሚወስደው የሥራ ሰዓት ያንሳል፤ የአዳራሽ ኪራይም የምሳ ወጪም የለበትም። የሚያስፈልገው ዋና ዕቃ አሻንጉሊቱ ነው። የመለማመጃ አሻንጉሊትን እ.ኤ.አ. በ1960 ለገበያ ያቀረበው ኖርዌያዊው አስሙንድ ላርዳል፣ ቀድሞ የልጆች መጫወቻ አምራች እንደነበር እግረ መንገድ ቢነሣ አይከፋም። ደረት ለመጫን ለመለማመድ ሙሉ ሰው የሚያክለውን መግዛት አያሻም፤ ከወገብ በላይ ያለው ይበቃል። ዋናው ነገር ጥልቀቱ ሲደርስ «ቀጭ» የሚል ወይም በመብራት የሚያሳውቅ መሆኑ ነው። ካለዚያ ሰው ስሕተቱን እየደጋገመ ይለማመዳል።

እንግዲህ ፕሮፎርማ የሚሰበስብ ድርጅት ከዋጋው አጠገብ ጥቂት ጥያቄዎች ቢጨምር ይጠቀማል። አንድ አሻንጉሊት ለስንት ሠልጣኝ ይደርሳል? አሠልጣኙ በየሦስት ወሩ ለአንድ ሰዓት ተመልሶ ይፈትናል? አደጋውንስ ፋብሪካው ውስጥ፣ በማሽኖቹ መካከል ያለማምዳል ወይስ በአዳራሽ ብቻ? ስለ ሰርተፊኬቱ ወረቀት ጥራት መጨነቅ ግን ለፎቶግራፍ አንሺው ሊተው ይችላል።

ሁለት እንቅፋቶች ይቀራሉ። አንደኛው ይሉኝታ ነው። የብዙ ዓመት ልምድ ያላት ሲስተር በጀማሪዎች ፊት ተሳስታ መታየት አትወድም፤ ስለዚህ የሳምንቱ ልምምድ ያለ ነጥብና ያለ ሪፖርት ቢሆን ይሻላል። ሁለተኛው የንብረት ክፍል ነው። ውድ ዕቃ ነውና ተመዝግቦ፣ ተቆልፎበት በፊርማ ብቻ ይውጣ ከተባለ ለአምስት ደቂቃ ልምምድ ማንም ቅጽ አይሞላም። አሻንጉሊቱ ከአምቡ ባጉና ከኦክስጅን ሲሊንደሩ ጎን ክሊኒኩ ውስጥ ይቀመጥ፤ ቁልፍ ካስፈለገውም ቁልፉ በተረኛዋ ነርስ ኪስ ይደር።