በጉ ዝም ካለ ደህና ነው?

በዓል ሲደርስ ጌጃ ሰፈር ውስጥ ሰውና በግ መተላለፊያ ይሻማሉ። ልደታ ክፍለ ከተማ ውስጥ ቤት ከቤት በተጣበቀበት በዚህ ሰፈር፣ በግ የሚታሰረው ግቢ በር ላይ ወይም የኮንዶሚኒየም ደረጃ ሥር ነው። ገዥና ሻጭ ላት እየጨበጡ ሲከራከሩ ወሬው ወደ ገበሬው መዞሩ አይቀርም፤ «ገበሬ ለከብት ምን አዘኔታ አለው፣ ዱላ እንጂ!» ይባላል። በጉ ደግሞ ዝም ብሎ ቆሟልና «ይኼማ ደህና ነው» ተብሎ ይታለፋል። ሁለቱም አባባል ልክ አይደለም።

ከበጉ እንጀምር። በግ አውሬ የሚያድነው እንስሳ ነው። ከመንጋው መሀል ደከም ያለውን አውሬ ቀድሞ ስለሚለየው፣ ሕመሙን መደበቅ ተፈጥሮው ሆኗል። እግሩ ቢጎዳም እንደ ውሻ አይጮኽም። ዝምታው ስለ ደህንነቱ የሚናገረው ነገር የለም ማለት ነው። የሚናገረው ሌላ ነው፦ ጆሮው ይወድቃል፣ ዓይኑ ይጨፈግጋል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማመንዠክ ያቆማል። ጤነኛ በግ ጋደም ሲል ያመነዥካል። ከመንጋው ተነጥሎ ብቻውን መታሰሩ ራሱ ያስጨንቀዋል፤ ሁለት በግ የገዙ ጎረቤታሞች አጠገብ ላጠገብ ቢያስሯቸው ያለ ምንም ወጪ ትልቅ ውለታ ነው።

እነዚህን ምልክቶች የእንስሳት ሐኪም ከመምጣቱ በፊት የሚያየው እረኛው ነው። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው የናሙና ጥናት መሠረት አገሪቱ ውስጥ 70 ሚሊዮን ገደማ የቀንድ ከብት፣ ከ42 ሚሊዮን በላይ በግና ከ52 ሚሊዮን በላይ ፍየል ነበር። ይህ ሁሉ እንስሳ ከሞላ ጎደል ያለው በአነስተኛ ገበሬና በአርብቶ አደር እጅ ነው። የሚደላው ወይም የሚጎሳቆለው እዚያው በረት ውስጥ ነው።

ገበሬው ደንታ ቢስ ነው ለሚል ሰው የሐረር ሰንጋ ጥሩ መልስ ነው። የሐረርጌ ገበሬ አንድ ወይም ሁለት በሬ ቤቱ አጠገብ ያስርና ከማሽላውና ከበቆሎው ማሳ የሳሳውን ቡቃያ፣ የተገነጠለውን ቅጠል በእጁ እያመጣ ለወራት ይቀልበዋል። በሬው አንድ ቀን መኖ ቢተው በዚያው ቀን ይታወቅበታል። እርግጥ ይህን ያህል ጊዜ ታስሮ መዋል ለበሬው ምቾት አይደለም፤ መፈታታትና መንቀሳቀስ ይቀርበታል። ግን ግዴለሽነት ነው ብሎ መፍረድ አይቻልም። ይልቅ ከገበሬው እጅ ከወጣ በኋላ ያለው ጉዞ ነው የሚያስፈራው፦ የተጨናነቀ አይሱዙ፣ ውኃ የሌለበት ረጅም መንገድ፣ የገበያ ዱላ። ሲደክምና ሲሸበር የቆየ ከብት ጡንቻው ውስጥ ያለውን ስኳር ይጨርሳል፤ ከታረደ በኋላ ሥጋው ይጠቁራል፣ ቶሎም ይበላሻል። ጉዳቱ ሳህን ድረስ ይከተላል።

ይህ ማለት ገበሬው አይሳሳትም ማለት አይደለም። ከስህተቶቹ ሁሉ የከፋው የጋለ ብረት ነው። «ከብት ሲታመም ቢተኮስ ይድናል» የሚለው እምነት እስካሁን በብዙ ወረዳ አለ። አባ ጎርባን እንውሰድ። አፈር ውስጥ ዓመታት የሚቆይ ባክቴሪያ ያመጣዋል፤ የሚመርጠውም ወጣቱንና ሥጋ ያወጣውን ከብት ነው። ጡንቻው ያብጣል፣ ሲጫኑት ይንኮሻኮሻል፣ ከብቱም በአንድ ሁለት ቀን ይሞታል። ቆዳ የሚያቃጥል ብረት ጡንቻ ውስጥ ያለውን ባክቴሪያ አይነካውም፤ ሕመም ይጨምራል፣ ቆዳውን ያበላሻል። ታዲያ እምነቱ ለምን ይቆያል? ከብቱ ከዳነ ብረቱ አዳነው ይባላል፣ ከሞተ ደግሞ ቀኑ ደርሶ ነው። ክሊኒክ በሩቅ በሆነበት ቀበሌ ብረት ቅርብ ነው፤ ይህንንም መርሳት አይገባም። ክትባቱ ግን ቢሾፍቱ፣ በ1956 ዓ.ም. በተቋቋመው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ይመረታል።

«አርብቶ አደር ክትባት አይወድም» የሚለውን ታሪክ አስተባብሏል። ደስታ የተባለው የከብት በሽታ በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል ገብቶ የአገሪቱን ከብት አብዛኛውን ጨረሰ፤ በሬ አጥቶ ማረስ ያቃተው ሕዝብ ክፉ ቀን ውስጥ ገባ። ከመቶ ዓመት በኋላ በሽታው የመሸገው አፋር በረሃ ውስጥ ነበር። እዚያ የመንግሥት ቡድን ማቀዝቀዣ ተሸክሞ ሊደርስ አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ሙቀት የሚችል ክትባት ተገኘና አፋሮቹ ራሳቸው የመረጧቸው ሰዎች ሠልጥነው የየመንጋቸውን ከብት ከተቡ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2008 ከበሽታው ነፃ መሆኗ ታወቀላት፤ በ2011 ደግሞ ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ያንን ጦርነት የመጨረሻው ምሽግ ላይ የተዋጉት ከብት ጠባቂዎቹ ናቸው።

ከተሜው የራሱ ተረቶች አሉት። ዶሮ እግሯ ታስሮ ቁልቁል ተንጠልጥላ ስትሄድ ዝም ካለች «ተረጋጋች» ይባላል። ዶሮ እንደ ሰው ድያፍራም የላትም፤ ስትዘቀዘቅ አንጀትና ጉበቷ የአየር ከረጢቶቿን ይጫኗቸዋል። ዝምታው የድንጋጤ ነው። ክንፏን ሰብስቦ ከሥር ደግፎ መያዝ አያቅትም። «የፈረንጅ ላም ግቢ ውስጥ ብትዘጋ ይደላታል» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ የወተት ላሞች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ከተመረመሩት 30 በመቶ ያህሉ ላይ የከብት ሳንባ ነቀርሳ ምልክት አግኝቷል። በሽታው ተፋፍጎና አየር አጥቶ በሚውል መንጋ ውስጥ በቀላሉ ይዛመታል።

የመጨረሻው ተረት ገበሬውንም ከተሜውንም ያገናኛል፤ እንገር። «ጥጃው እንገር ከበዛለት ያስቀምጠዋል» እየተባለ የመጀመሪያው ወተት ለቤተሰብና ለዘመድ ይታለባል። ሰው እናቱ ሆድ ሳለ የበሽታ መከላከያ ያገኛል፤ ጥጃ ግን ባዶ እጁን ይወለዳል፣ መከላከያውን የሚያገኘው ከእንገሩ ነው። አንጀቱ መከላከያውን በደንብ የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ነው፤ ከአንድ ቀን በኋላ ይዘጋል። ጥጃው ከጠገበ የተረፈው ለሰውም ይደርሳል፤ በማግስቱ የሚታለበውም ቢሆን ገና እንገር ነውና እንገር ወዳዱ የጌጃ ሰፈር ዘመድ አንድ ቀን ቢታገሥ ድርሻው አይቀርበትም።