የጋይንት ዝናብ ከየት ይመጣል? ስለ ባሕር ውኃና ስለ ነፋስ ጥቂት ማብራሪያ

ባለፈው የክረምት ዕረፍት ወደ ላይ ጋይንት ስሄድ ጎረቤታችን የሆኑ አንድ አዛውንት «እናንተ እዚያ ምን ምን ትማራላችሁ?» ብለው ጠየቁኝ። ከወሰድኳቸው ኮርሶች አንዱ ስለ ውቅያኖስ መሆኑን ነገርኳቸው። ሳቁብኝ። «ልጄ፣ እኛ አገር ባሕር የለ፤ ይልቅ ዝናቡን ብትማሩት አይሻልም?» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ በቂ መልስ አልነበረኝም። «ኮርሱ ግዴታ ነው አባባ» ብዬ አለፍኩት። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሳሳኝም ያ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም የእኛን ዝናብ ለመማር ባሕሩን መማር የግድ ነው ባይ ነኝ።

አካባቢውን ለማያውቁ አንባብያን በአጭሩ ላስተዋውቅ። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል ከጉና ተራራ ዙሪያ ጀምረው ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርዱ ወረዳዎች ናቸው። የላይ ጋይንት ከተማ ነፋስ መውጫ ትባላለች፤ ከፍታዋም ወደ 3,000 ሜትር ነው። ስሟን ያወጣላት ሰው ሜትዮሮሎጂ ባይማርም የሚናገረውን ያውቅ ነበር። በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ውኃ 90 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። የባቄላ ንፍሮ አልበስል እያለ እናቶቻችንን የሚያማርረው በዚህ የተነሳ ነው እንጂ እንጨቱ መጥፎ ሆኖ አይደለም።

ወደ ባሕሩ እንምጣ። በምድር ላይ ካለው ውኃ 97 በመቶ ያህሉ ባሕር ውስጥ ይገኛል፤ ባሕርም የምድርን ገጽ 71 በመቶ ይሸፍናል። አማካይ ጥልቀቱ 3,700 ሜትር አካባቢ ነው። ጉና ከ4,000 ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ በዚያ ወለል ላይ ብናቆመው ጫፉ ብቻ እንደ ደሴት ብቅ ይል ነበር። አንድ ኪሎ የባሕር ውኃ በአማካይ 35 ግራም ጨው ይይዛል፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው። ጨዋማነቱ ግን በየቦታው አንድ አይደለም። ቀይ ባሕር ቋሚ ወንዝ የማይገባበት፣ በዓመት 2 ሜትር ያህል ውኃ በትነት የሚያጣ ስለሆነ በሰሜኑ ጫፍ ከ40 ግራም ያልፋል። የጎደለውን የሚሞላው በባብ ኤል መንደብ በኩል በሚገባው ውኃ ነው።

በነገራችን ላይ ባሕር ወደ እኛ አገር መጥቶ አያውቅም የሚለው አነጋገር ስህተት ነው። አያቶቻችን እንደ ገንዘብም እንደ ቅመምም የተጠቀሙበት አሞሌ የተቆረጠው ከአፋር ዝቅተኛ ሜዳ ላይ ነው። ያ ሜዳ ቀይ ባሕር በጥንት ዘመን እየገባበት፣ እየተቆረጠና እየተነነ የቀረ የባሕር ወለል ነው። ዳሎል ዛሬም ከባሕር ጠለል በታች 120 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ባሕሩ በአሞሌ መልክ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ደጋ ወጥቷል ማለት ይቻላል።

ውኃው ራሱ የሚመጣው ግን በሌላ መንገድ ነው። ባሕር ሲተን ጨዉ እዚያው ይቀራል፤ የሚወጣው ንጹሕ እንፋሎት ብቻ ነው። አንድ ሊትር የፈላ ውኃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ የሚያስፈልገው ሙቀት፣ ያንኑ ውኃ ከዜሮ ዲግሪ እስከ ፍላት ለማድረስ ከሚያስፈልገው ከ5 እጥፍ ይበልጣል። ይህ ሙቀት አይጠፋም። እንፋሎቱ ውስጥ ተሸሽጎ ይጓዝና ደመና ሲሠራ ይለቀቃል፤ አየሩንም የበለጠ ወደ ላይ ያስወጣዋል። ሐምሌ ላይ ከሰዓት በኋላ በጉና ላይ ተቆልሎ የሚያጉረመርመው ደመና ጉልበቱን በከፊል ያገኘው ከሩቅ ባሕር ላይ ካረፈ ፀሐይ ነው።

ለእኛ ለገበሬ ልጆች ግን ከባሕር ውኃ ጠባዮች ሁሉ ዋናው ሙቀት አያያዙ ይመስለኛል። እሳት ላይ ባዶ ምጣድና ውኃ የሞላ ድስት ጎን ለጎን ጣዱ። ምጣዱ ወዲያው ይግላል፤ ድስቱ ገና ለብ አላለም። እሳቱ ሲጠፋም ቀድሞ የሚቀዘቅዘው ምጣዱ ነው። መሬት እንደ ምጣዱ ናት፣ ባሕር እንደ ድስቱ። የላይኛው 2.5 ሜትር ያህል የባሕር ውኃ ብቻ ከበላዩ ያለው አየር በሙሉ የሚይዘውን ያህል ሙቀት መያዝ ይችላል። በዚህም የተነሳ ባሕር አንዴ ከሞቀ ለወራት ሞቆ ይቆያል። የሚቀጥለውን ወር ዝናብ ቀን በቀን መናገር የሚችል የለም፤ የወቅቱን አዝማሚያ ግን አስቀድሞ መገመት የሚቻለው ባሕሩ ቶሎ ስለማይለወጥ ነው።

አሁን ነፋሱን እንመልከት። በምድር ወገብ አካባቢ የሞቀ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያም ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ሄዶ 30 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይወርዳል። የሚወርድ አየር ደረቅ ነው፤ ሰሃራ በረሃ የሆነውም በዋናነት ለዚህ ነው። የወረደው አየር በምድር ገጽ ላይ ወደ ወገቡ ሲመለስ ምድር ስለምትሽከረከር ይጠመዘዛል። የሰሜኑና የደቡቡ ነፋሳት የሚገናኙበት ቀበቶ (በክፍል ውስጥ አይቲሲዜድ የምንለው) ፀሐይን እየተከተለ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመላለሳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ከእኛ በስተሰሜን ይደርሳል፤ ክረምት የምንለውም ይኸው ነው።

የክረምቱ እርጥበት ከአንድ ባሕር ብቻ አይመጣም። አንዱ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ ተነስቶ የኮንጎን ደን አቋርጦ ከደቡብ ምዕራብ ይገባል። ሁለተኛው ከሕንድ ውቅያኖስ ይነሳል፤ ከማዳጋስካር ምሥራቅ ካለው ከፍተኛ ግፊት የወጣው ነፋስ የምድር ወገብን ተሻግሮ በሶማሊያ ጠረፍ በኩል ይታጠፋል። ሦስተኛው በሜዲትራንያንና በቀይ ባሕር በኩል ከሰሜን ይመጣል። የቆዩ መጻሕፍት አብዛኛውን ድርሻ ለአትላንቲክ ይሰጡ ነበር፤ የአየሩን ጉዞ ወደ ኋላ እየተከተሉ የተሠሩ የቅርብ ዘመን ስሌቶች ግን የሕንድ ውቅያኖስና የሰሜኑ መንገድ ድርሻ ከታሰበው የበለጠ መሆኑን አሳይተዋል። የበልጉ ዝናብ ደግሞ በተለይ ከሕንድ ውቅያኖስና ከዓረብ ባሕር ጋር የተያያዘ ነው።

ይህ ሁሉ እርጥበት ደርሶም እኩል አይከፋፈልም። ጉና መሐል ላይ ቆሟል። ከደቡብ ምዕራብ የመጣው አየር በእስቴ በኩል ተራራውን ሲወጣ ይቀዘቅዝና ዝናቡን ያራግፋል። ተሻግሮ ወደ ምሥራቅ ሲወርድ ደግሞ ይሞቃል፣ ይደርቃል። ወደ በሽሎ የሚወርደው ቆላማ የታች ጋይንትና የስማዳ መሬት በአንድ ክረምት ከእስቴ ያነሰ ዝናብ የሚያገኝበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ደግሞ ከባሕሩ በኩል ጥቂት ሲጎድል ጉዳቱ ቶሎ ይሰማዋል።

ጉድለቱ እንዴት እንደሚመጣ በ2007 ዓ.ም. ክረምት አይተነዋል። በወትሮው ጊዜ በሰላማዊ ውቅያኖስ ወገብ ላይ የምሥራቅ ነፋስ ሞቃቱን ውኃ ወደ ኢንዶኔዥያ ይገፋዋል። እዚያ ያለው የባሕር ገጽ ከደቡብ አሜሪካው ጠረፍ ግማሽ ሜትር ያህል ከፍ የሚለው በዚሁ ነው። ነፋሱ ሲደክም ሞቃቱ ውኃ ወደ ምሥራቅ ይመለሳል፤ ኤል ኒኞ ይባላል። የሚወጣው አየርም አብሮ ቦታ ይቀይራል። ከሕንድ በኩል ከ12 እስከ 16 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ወደ እኛ የሚነፍሰውና ደመናችን እንዲያድግ የሚረዳው ኃይለኛ ነፋስም ይዳከማል፤ ክረምቱ ይሳሳል። በዚያ ዓመት ማብቂያ ላይ የመካከለኛው ሰላማዊ ውቅያኖስ ገጽ ከወትሮው ከ2 ዲግሪ በላይ ሞቆ ነበር። በ2008 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አስቸኳይ የምግብ እርዳታ ያስፈልጋቸዋል የተባሉት ሰዎች 10.2 ሚሊዮን ደርሰው ነበር።

እኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። ያን ዓመት በልጉም አልሆነም። ሰኔ ላይ ትንሽ ዘነበና አባቴ ዘራ፤ ከዚያ ዝናቡ ጠፋ። ሐምሌ አጋማሽ ላይ እንደገና ዘራ፤ ነሐሴ ሳያልቅ ሰማዩ ተዘጋ። ዘሩ ሁለት ጊዜ ሄደ ማለት ነው። ከጥማዱ አንዱ በሬ በርካሽ ተሸጠ፤ በቀጣዩ ዓመት ያረስነው ከጎረቤት ጋር በመቀናጆ ነው። በመንደሩ ሁሉም «ኃጢአታችን ነው» ይል ነበር። እኔም አምኜ ነበር።

አሁን መለስ ብዬ ሳየው የሚቆጨኝ አንድ ነገር አለ። የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር ድርጅት ኤል ኒኞ መግባቱን ያሳወቀው በየካቲት 2007 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ከየካቲት እስከ ሐምሌ ወደ አምስት ወር ይሆናል። በዚያ ጊዜ ውስጥ በሬው ገበያው ሳይወድቅ ሊሸጥ፣ ቶሎ የሚደርስ ዘር ሊፈለግ፣ ከማሳው ከፊሉ በቀሪ እርጥበት ለሚበቅል ሽምብራና ጓያ ሊቆይ ይችል ነበር። ወሬው እኛ ደጅ አልደረሰም፤ ቢደርስም ባሕር ምን አገባው ተብሎ ይታለፍ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

ይሁን እንጂ ኤል ኒኞን ብቻ እያዩ መተንበይም ያሳስታል። የሰባ ሰባቱን ረሃብ ያስከተለው የ1976 ዓ.ም. ክረምት የኤል ኒኞ ክረምት አልነበረም። በዚያ ዘመን ሰሜን አትላንቲክ ከደቡቡ አንጻር ቀዝቅዞ ስለነበር የነፋሳቱ መገናኛ ቀበቶ በሚገባ ወደ ሰሜን አልወጣም። በአንጻሩ ሰላማዊ ውቅያኖስ የቀዘቀዘባቸው የ1980 እና የ1990 ክረምቶች ጥሩ ዘንበውባቸዋል። ስለዚህ ሦስቱም ውቅያኖሶች መታየት አለባቸው፤ ውጤቱም «ሊሆን ይችላል» እንጂ «ይሆናል» አይደለም። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከበልግ፣ ከክረምትና ከበጋ በፊት የሚያወጣው የወቅት ትንበያም በዚሁ መንገድ መነበብ አለበት።

በመጨረሻው ጉዞዬ ይህንኑ ለአዛውንቱ ጎረቤታችን በምጣዱና በድስቱ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። «እሺ፣ ድስቱ መሞቁን በስንት ወሩ ነው የምንሰማው?» አሉ። ትንበያው የሚወጣባቸውን ወራት ነገርኳቸው። የልጅ ልጃቸውን ጠርተው በደብተሩ ጀርባ ላይ አስጻፉት፤ እኔም ስልክ ቁጥሬን ከሥሩ ጨመርኩበት።