መጠባበቂያ መስመር የኔትወርክ መጨናነቅ እንዳያስከትል፦ የስፓኒንግ ትሪ አሠራር

ጎሬና አካባቢዋ ከአገራችን ከፍተኛ ዝናብ ከሚያገኙ ሥፍራዎች መካከል ናቸው። በእንዲህ ያለ ቦታ በቢሮ ሕንፃዎች መካከል የተዘረጋ ብቸኛ የኔትወርክ ገመድ በመብረቅ፣ በእርጥበት ወይም በቁፋሮ ሲበላሽ ከገጠር ቀበሌ የመጣው ባለጉዳይ «ሲስተም የለም» ተብሎ ይመለሳል። ስለሆነም ስዊቾችን በተጨማሪ መስመር ማገናኘት ተገቢ ጥንቃቄ ነው። ይሁን እንጂ ተጨማሪው መስመር ያለ ሥርዓት ከተተወ ከገመድ መቆረጥ የከፋ ችግር ያስከትላል።

ስዊች ለሁሉም የተላከ መልእክት ሲደርሰው ከመጣበት ፖርት በስተቀር በሌሎቹ ሁሉ ያሠራጨዋል። ስዊቾቹ ቀለበት ሠርተው ከተያያዙ መልእክቱ ዞሮ ይመለሳል፤ እንደገናም ይሠራጫል። የኢተርኔት መልእክት ዙሩን ቆጥሮ የሚያስቆመው ገደብ ስለሌለው በሰከንዶች ውስጥ መላው ኔትወርክ ይጨናነቃል።

ለዚህ መፍትሔ የሆነውን ስፓኒንግ ትሪ አሜሪካዊቷ ራዲያ ፐርልማን እ.ኤ.አ. በ1985 ቀየሰች። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። በአንድ ግቢ ባሉ ሦስት ሕንፃዎች የተተከሉ ሀ፣ ለ እና ሐ የተባሉ ስዊቾች እርስ በርስ ተገናኝተዋል እንበል። በመጀመሪያ ዝቅተኛ መለያ ቁጥር ያለው ስዊች «ሥር» ሆኖ ይመረጣል፤ ይህ ሀ ይሁን። ቀጥሎ ለ እና ሐ ወደ ሥሩ የሚያደርሳቸውን አነስተኛ ወጪ ያለውን መንገድ ይይዛሉ። በመጨረሻም በለ እና በሐ መካከል ያለው መስመር በአንድ ጫፉ ይታገዳል። የታገደው ፖርት መረጃ ባያስተላልፍም የቁጥጥር መልእክቶችን መስማቱን ይቀጥላል። የሀ እና የሐ ገመድ ቢቆረጥ እገዳው ይነሣና ሐ በለ በኩል ይገናኛል። ይህ በቀድሞው ደረጃ ከ30 እስከ 50 ሰከንድ ይወስዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው ፈጣን ደረጃ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ሰከንዶች አያልፍም።

ሥርዓቱ ክትትል ካልተደረገለት አደጋ አያጣውም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2002 በቦስተን ከተማ የሚገኝ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ኔትወርኩ ስፓኒንግ ትሪ ከሚሸከመው ስፋት በላይ በመለጠጡ ለቀናት ወደ ወረቀት ሥራ ለመመለስ ተገድዷል።

በመሆኑም የመሥሪያ ቤቶች የአይሲቲ ባለሙያዎች የሚከተሉትን እንዲፈጽሙ ይመከራል፦

1. ሥር የሚሆነውን ስዊች ራሳቸው መወሰን። የሁሉም ቅድሚያ ቁጥር ከፋብሪካ እንደመጣ 32768 ከሆነ ምርጫውን የሚወስነው የመሣሪያው አድራሻ በመሆኑ አሮጌና ደካማ ስዊች ሥር ሊሆን ይችላል። ለማዕከላዊው 4096፣ ለተጠባባቂው 8192 መስጠት ይበቃል።

2. ስፓኒንግ ትሪ የሌላቸውን አነስተኛ ስዊቾች ሠራተኞች በየጠረጴዛው እንዳይቀጥሉ መቆጣጠር።

3. ባለጉዳይ በሌለበት ሰዓት አንዱን ገመድ ነቅሎ መጠባበቂያው ሥራውን መረከቡን ማረጋገጥ።

ስፓኒንግ ትሪ የሚጠብቀው የግቢውን ውስጣዊ ኔትወርክ ብቻ ነው። ከጎሬ ወደ መቱና ወደ አዲስ አበባ ለሚወጣው መስመር የተለየ መጠባበቂያ ማዘጋጀት ያስፈልጋል።