መርከቡ ደርሷል፤ ማዳበሪያው የት አለ?

ሰኔ ገብቷል። መሬቱ ሦስቴ ታርሷል። ሰማዩ ጠቁሯል። ገበሬው የማኅበሩ መጋዘን በር ላይ ቆሞ፣ «ማዳበሪያው መቼ ነው የሚመጣው?» ብሎ ይጠይቃል። የመጋዘኑ ሰው፣ «መርከቡ ጅቡቲ ደርሷል ተብሏል» ይለዋል። ገበሬው ወደ ቤቱ ይመለሳል። በሳምንቱ እንደገና ይመጣል። መልሱ ያው ነው።

መርከቡ ከደረሰ ማዳበሪያው ለምን አልደረሰም?

ብዙ ሰው ወደብ ሲባል የባሕር ዳር ብቻ ይመስለዋል። ባሕር ዳር ብቻውን ወደብ አይሆንም። መርከብ የሚጠጋበት፣ ከሲሚንቶና ከብረት የተሠራ መቆሚያ ያስፈልጋል። ከመቆሚያው ሥር ውሃው ጥልቅ መሆን አለበት። ያለዚያ መርከቡ ሆዱ መሬት ነክቶ ይቀራል። ዕቃ ከመርከብ የሚያወርድ ክሬን ያስፈልጋል። ከዚያ ኋላ ሰፊ ግቢ፣ መጋዘን፣ ጉምሩክ፣ የመኪና መንገድና የባቡር ሐዲድ አለ። ይህ ሁሉ ተደምሮ ነው ወደብ የሚባለው።

እስቲ እርሳስ አንሡና አብረን እናስላ። አንድ ትልቅ መርከብ 50,000 ቶን ማዳበሪያ ጭኖ መጣ እንበል። 1 ቶን 10 ኩንታል ነው። ስለዚህ መርከቡ የጫነው 500,000 ኩንታል ነው። ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና 400 ኩንታል ያህል ይጭናል። 500,000ን ለ400 ስናካፍል 1,250 ይሆናል። ለአንድ መርከብ ጭነት 1,250 መኪና! በ10 ቀን ይራገፍ ቢባል በየቀኑ 125 መኪና ወደቡ ውስጥ ተሰልፎ መገኘት አለበት። መኪናው ደግሞ ሄዶ መመለስ አለበት። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ በመኪና መንገድ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ገና ሌላም ሥራ አለ። ማዳበሪያው በመርከቡ ሆድ ውስጥ እንደ እህል ተዘርግፎ ነው የሚመጣው። ጅቡቲ ላይ በ50 ኪሎ ከረጢት ይሞላል፣ ይሰፋል። ይህ እንግዲህ 1,000,000 ከረጢት ነው። በበጋቸው፣ ማለት በእኛ ክረምት፣ የጅቡቲ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ያንን ከረጢት የሚሸከም ወዛደር ምን ያህል እንደሚለፋ እናንተ ሸክም የምታውቁ ሰዎች ትረዱታላችሁ።

መርከቡ ቆሞ በዋለ ቁጥር ደግሞ ኪራይ ይቆጥራል። ኪራዩ የሚከፈለው በዶላር ነው። ዞሮ ዞሮ ወይ በማዳበሪያው ዋጋ ላይ ይታከላል፣ ወይ ከመንግሥት ካዝና ይወጣል።

«ታዲያ ወደቡን ለምን አያሰፉትም?» ትሉ ይሆናል። አስፍተውታል። ነገሩ ግን እንደሚወራው ቀላል አይደለም።

ቀድሞ ኢትዮጵያ በአሰብና በምጽዋ ትጠቀም ነበር። በ1985 ዓ.ም. ኤርትራ የራሷን መንግሥት ስታቆም ኢትዮጵያ ባሕር አልባ አገር ሆነች። ያኔም ቢሆን ዕቃችን በአሰብ መግባቱን አላቆመም ነበር። በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣና ቆመ። ያ ሁሉ ጭነት በአንድ ጊዜ ወደ ጅቡቲ ዞረ። የጅቡቲ ወደብ ግን ለዚህ ተብሎ የተሠራ አልነበረም። ጥንት በፈረንሳዮች ዘመን፣ መርከብ ትንሽ በነበረበት ጊዜ የተጀመረ ነው። ከፊቱ ባሕር፣ ከኋላው ከተማ ነው። ወዴት ይስፋ?

ስለዚህ ዶራሌ የሚባል ሌላ ቦታ ተመረጠ። ከከተማው በስተ ምዕራብ ነው። እዚያ በ2001 ዓ.ም. የኮንቴይነር ወደብ ተከፈተ። ኮንቴይነር ዕቃ ተሞልቶ የሚታሸግ ትልቅ የብረት ሣጥን ነው። በዚህ ወደብ መቆሚያ ሥር ውሃው 18 ሜትር ይጠልቃል። አሥር ሰው አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ቢቆም እንኳ ውሃው ይውጣቸዋል። በ2009 ዓ.ም. ደግሞ እዚያው ዶራሌ ልዩ ልዩ ጭነት የሚራገፍበት ሌላ ወደብ ተመረቀ። 590 ሚሊዮን ዶላር ያህል ፈጅቷል።

የወደብ ዕቅድ የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው። ጎተራ የምትሠሩት አዝመራውን ሳታዩ ነው። ትንሽ ከሠራችሁ እህሉ ደጅ ያድራል። ትልቅ ሠርታችሁ አዝመራው ቢከዳ ልፋታችሁ ባዶ ይቀራል። ወደብም እንዲሁ ነው። ሠርቶ ለመጨረስ ዓመታት ይፈጃል። ገንዘቡ ብድር ነው። ከ10 ዓመት በኋላ ስንት መርከብ፣ ምን ጭኖ እንደሚመጣ ዛሬ መገመት ያስፈልጋል። ጅቡቲም የምትሰጋው ይህንን ነው። ከኢትዮጵያ የባሕር ንግድ ከ100 እጅ ከ90 በላይ የሚያልፈው በእሷ በኩል ነው። ኢትዮጵያ ሌላ በር ብታገኝ የወደቡን ብድር ማን ይከፍላል?

ውልም ይፈርሳል። የዶራሌን የኮንቴይነር ወደብ ያስተዳድር የነበረው ዲፒ ወርልድ የሚባል የዱባይ ኩባንያ ነው። በ2010 ዓ.ም. የጅቡቲ መንግሥት ውሉን አፈረሰና ወደቡን ተረከበ። ክሱ ዓመታት ፈጅቷል። ይኸው ኩባንያ በሶማሌላንድ የበርበራን ወደብ እያሰፋ ነበር። ኢትዮጵያም በዚያ ወደብ ከ100 እጅ 19 ድርሻ እንዲኖራት በ2010 ዓ.ም. ስምምነት ተደረገ። አዲሱ የኮንቴይነር ወደብ በ2013 ዓ.ም. ሲከፈት 400 ሜትር የሚረዝም መቆሚያ ነበረው። በ2014 ዓ.ም. ግን ኢትዮጵያ የሚጠበቅባትን ሳታሟላ ስለቀረች ድርሻዋን እንዳጣች የሶማሌላንድ ባለሥልጣን ተናገረ። ለእኔ ይህ ያስቆጫል። ሁለተኛ በር ያለው ቤት አንዱ ሲዘጋበት በሌላው ይወጣል።

አሁን ደግሞ ወደ 2008 ዓ.ም. እንመለስ። ዝናብ የቀረበትን ያን ጊዜ የምታስታውሱት ብዙዎች ናችሁ። 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ፈለገ። ስንዴ ተገዝቶ በመርከብ መጣ። ለመጪው እርሻ የሚሆን ማዳበሪያም በዚያው ወራት መጣ። ሁለቱም ተዘርግፈው የሚመጡ ናቸው። የሚራገፉት በአንድ ዓይነት ቦታ ነው፣ የሚፈልጉትም ያንኑ መኪና ነው። መርከቦቹ ባሕር ላይ ቆመው ተራ ጠበቁ። ማን ይቅደም? ስንዴው ቢዘገይ ሰው ይራባል። ማዳበሪያው ቢዘገይ የሚቀጥለው ዓመት ሰብል ይጎዳል። እኔ የወደቡ ሹም ብሆን ምን እንደምወስን አላውቅም።

መጨናነቁን ለማቃለል ሁለት ነገር ተሠርቷል። አንደኛው ሞጆ ላይ ያለው ደረቅ ወደብ ነው። ባሕር የሌለው ወደብ ሲሉት ስሙ ያስቃል፤ ሥራው ግን ቁም ነገር ነው። ኮንቴይነሩ ጅቡቲ ሳይከፈት ሞጆ ድረስ ይመጣና ጉምሩክ እዚያ ይፈትሸዋል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን ባለ ዕቃዎች ቶሎ ስላላነሱ፣ ሞጆም ላይ ሣጥን በሣጥን ላይ ተከመረ። ሁለተኛው በኤሌክትሪክ የሚሄደው ባቡር ነው። 750 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል። በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ መደበኛ ሥራ የጀመረው በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ነው። እሱም የራሱ ችግር አላጣም። መብራት ይቋረጥበታል። በሐዲዱ ላይ ግመልና ከብት ገጭቷል።

ይህ ሁሉ ተቃንቶ ማዳበሪያው በጊዜ ይድረስ ከተባለ፣ መርከቡ በሰኔ ሳይሆን በኅዳርና በታኅሣሥ ጅቡቲ መግባት አለበት። በቅርብ ዓመታት ግዥው ቀደም ብሎ የሚጀመረው ለዚህ ነው። ታዲያ በታኅሣሥ የመጣ ማዳበሪያ እስከ ሰኔ የት ይቀመጥ? ዩሪያ እርጥበት ይስባል። ረጥቦ እንደ ድንጋይ ሲጠጥር አይታችሁ ይሆናል። ጣራው የማያፈስ፣ ወለሉ ከመሬት ከፍ ያለ መጋዘን በየወረዳው ያስፈልጋል።

ከወረዳው መጋዘን እስከ ቀበሌው ያለው መንገድስ? ሰኔ ላይ ጭቃ ነው። ተሳቢው አይገባም። ከጅቡቲ የተነሣው ከረጢት እዚያ ይወርድና በአህያ ይጫናል።