ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፦ የስፖርት መኪና በሚኒሶታ በረዶ ላይ

“ጋሼ፣ መኪናዋ ከዳችኝ!”

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ፣ በአንድ ወዳጃችን ቤት ቡና ተፈልቶ፣ እንደ ልማዳችን የሀገራችንን ጉዳይ አንስተን አንዱ ሲጥል ሌላው ሲያነሳ፣ በሩን ከፍቶ የገባ አንድ ወጣት ከሰላምታ በፊት የተናገረው ይህንን ነበር። ክርክሩ ቀጥ አለ። ልጁ ከጫማው ላይ በረዶውን እንኳ አላራገፈም፤ የተሰጠውን ሲኒ ሲቀበል እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀን መጋዘን፣ ማታ የመኪና ማቆሚያ ውስጥ እየሠራ ለዓመታት በአውቶቡስ የተመላለሰው ይህ ወጣት ባለፈው ሐምሌ ያገለገለች ቀይ ሙስታንግ ገዛ። “ሳይቸግር ጤፍ ብድር” ያሉት አልጠፉም። እኔ ግን አልፈረድኩበትም። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ ቆሞ አውቶቡስ ሲጠብቅ የኖረ ሰው አንድ ቀን ልቡ የወደደውን ቢነዳ ምን ነውር አለው? ችግሩ የመጣው ከበረዶው ጋር ነው። ወደ ኢንተርስቴት 94 አውራ ጎዳና በሚያስገባው ጠመዝማዛ መንገድ ላይ፣ በሐምሌ እንደለመደው ነዳጁን ረገጥ አደረገ። የመኪናዋ ጭራ ተወረወረ፤ ሁለት ጊዜ ዞረችና ፊቷን ወደሚመጡት መኪኖች አድርጋ የበረዶ ክምር ውስጥ ተሰክታ ቆመች። አንድ ትልቅ የጭነት መኪና በክንድ ርቀት አልፎት ሄደ።

ከመካከላችን፣ አዲስ አበባ ሳሉ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ይነዱ የነበሩ አንድ አዛውንት በጸጥታ ሰሙትና “ለመሆኑ ጎማህ ምንድን ነው ልጄ?” አሉት።

“ደህና ጎማ ነው ጋሼ፤ ሊሾ አይደለም። ከመኪናዋ ጋር የመጣ ነው።”

“የበጋ ነው የክረምት?”

ልጁ ዝም አለ።

“እንግዲያው መኪናዋን አትማት። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም።”

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ የዚያ እሑድ ወሬ ነው። ከሚኒያፖሊስ እስከ ዴንቨር፣ ከቶሮንቶ እስከ ስቶክሆልም በረዶ ላይ የሚነዳው ወገናችን ብዙ ነው። አብዛኞቻችን መንዳት የተማርነው ደግሞ በረዶ ላይ መንዳትን በማናውቅበት ሀገር፣ ወይም እዚሁ መጥተን በበጋ ወራት ነው። በመኪና አደጋ የሞተ ወገን አስከሬን ወደ ሀገር ቤት እንዲላክ ገንዘብ ያላዋጣ ከመካከላችን ማን አለ? ስለዚህ ጉዳዩ የመኪና ፍቅር ጉዳይ ብቻ አይደለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሚገፋና የሚጎትት

ዛሬ በየመንገዱ የምናያቸው አብዛኞቹ የቤት መኪኖች የሚጎተቱት በፊት ጎማቸው ነው። ከባዱ ሞተር የተቀመጠው ጉልበት በሚያወጡት ጎማዎች ላይ ስለሆነ ጎማዎቹን ወደ መሬት ይጫናቸዋል። ሙስታንግ ግን በ1964 ለገበያ ከቀረበችበት ጊዜ ጀምሮ ሞተሯ ፊት፣ የሚገፏት ጎማዎች ኋላ ናቸው። ከግማሽ የሚበልጠው ክብደት ፊት ላይ ሲሆን፣ ጉልበቱ በሙሉ የሚሄደው ቀለል ወዳለው ኋላ ነው። በደረቅ አስፋልት ይህ አሠራር የሚወደድበት ምክንያት አለው፤ የፊት ጎማ መሪውን ብቻ ይታዘዛል፣ የኋላው ደግሞ መግፋቱን ብቻ ይሠራል። በረዶ ላይ ሲሆን ግን የኋላ ጎማዎች ከመግፋት ይልቅ ይሽከረከራሉ። የሚሽከረከር ጎማ ደግሞ ወደ ጎን መንሸራተትን አይከላከልም። ጭራዋ የምትወረወረው ለዚህ ነው።

የጎማን የመያዝ አቅም እንደ ወር ደመወዝ ቁጠሩት። በዚያችው ደመወዝ መፍጠን፣ መቆምና መታጠፍ አለባችሁ። ሁሉንም ለቤት ኪራይ ከከፈላችሁት ለእናት የሚላክ አይተርፍም። ልጁ እየታጠፈ ነዳጅ ሲረግጥ፣ ለመታጠፊያ የነበረችውን ለመፍጠኛ አወጣት። በሐምሌ ደመወዙ ብዙ ስለነበር አልታወቀውም።

በኋላ ጎማ የሚገፋ መኪና ለበረዶ አይሆንም ማለት ግን አይደለም። የአዛውንቱ ላዳ የተሠራችው የሩስያን ክረምት እንድትችል ታስቦ ሲሆን፣ የምትገፋው በኋላ ጎማ ነበር። እስከ 2011 ሲመረት የቆየው፣ ብዙ የታክሲ ሾፌር ወገኖቻችን የሚያውቁት ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያም እንደዚሁ። የአልፕስ ተራራን በረዶ አቋርጦ በሚካሄደው የሞንቴ ካርሎ ራሊ ፖርሽ 911 በ1968፣ በ1969 እና በ1970 በተከታታይ አሸንፏል። የመጀመሪያውን ቪክ ኤልፎርድ፣ ሁለቱን ስዊድናዊው ቢዮርን ቫልደጎርድ ነበሩ የነዱት። ቫልደጎርድ በኋላ በጎረቤታችን በኬንያ የሳፋሪ ራሊን አራት ጊዜ ያሸነፈ ሰው ነው። ምስጢሩ ምንድን ነው? በፖርሽ 911፣ እኛ ሀገር ቤት እንደምናውቃት ቮልስ፣ ሞተሩ ያለው ኋላ፣ በሚገፉት ጎማዎች ላይ ነው። ከዚያ የቀረው ጎማና እግር ነው።

ቅድሚያ ለጎማ

የስፖርት መኪና ብዙ ጊዜ የሚመጣው በበጋ ጎማ ነው። የዚህ ጎማ ላስቲክ ቅዝቃዜው 7 ዲግሪ ገደማ ሲደርስና ከዚያ ሲወርድ እየደረቀ ይሄዳል፤ በብርቱ ውርጭ እንደ ፕላስቲክ ይሆናል። ጥርሱ አዲስ ቢሆንም ምንም አይረዳም። የክረምት ጎማ ላስቲክ ግን በብርድም ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፣ ፊቱ ላይ ያሉት ብዙ ቀጫጭን ስንጥቆችም በረዶውን ይነክሳሉ። ምልክቱ ባለ ሦስት ጫፍ ተራራ ሆኖ ውስጡ የበረዶ ቅንጣት ያለበት ሥዕል ነው። “ኤም ፕላስ ኤስ” የሚለው ጽሑፍ ብቻውን በቂ አይደለም።

ጎሚስታው ዘንድ ስትሄዱ “ለኋላው ሁለት ብቻ ይበቃኛል” አትበሉ። መኪናዋ ትሄድ ይሆናል፤ ነገር ግን አትታጠፍም፣ አትቆምም። አራቱንም ቀይሩ። የካናዳዋ ኩቤክ በ2008 የክረምት ጎማን በሕግ ግዴታ አድርጋለች፤ ስዊድንም ከታኅሣሥ 1 እስከ መጋቢት 31 የክረምት መንገድ ሲኖር ታስገድዳለች። ሚኒሶታ እንዲህ ያለ ግዴታ የለባትም። እዚህ የሚያስገድደን የራሳችን ልብ ብቻ ነው።

የበረዶ ሂሳብ

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ከያዘ በኋላ በደረቅ አስፋልት ወደ 12 ሜትር ገደማ ሄዶ ይቆማል። በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ወደ 50 ሜትር፣ እንደ መስታወት በረጋው ላይ ደግሞ ወደ 100 ሜትር ይደርሳል። በአራቱም ጎማ የሚሄድ መኪና ያለው ሰውም ይህን ያስተውል፤ አራት ጎማ ለመነሳት እንጂ ለመቆም አይጠቅመውም።

እኛ በአማርኛ ከሰማይ የሚወርደውንም፣ ሜዳ ላይ የተከመረውንም፣ የረጋውንም “በረዶ” ብለን እንጠራዋለን። ለጎማ ግን ሦስቱ ለየቅል ናቸው። ከሁሉ የከፋው አስፋልቱን መስሎ የሚተኛው፣ ዓይን የማያየው ስስ በረዶ ነው። ደግሞ ብርዱ በበረታ ቁጥር መንገዱ ይበልጥ ያንሸራትታል ብላችሁ አታስቡ፤ በረዶ ይበልጥ የሚያንሸራትተው ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋና ሊቀልጥ ሲል ነው። መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው በበኩሉ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ አካባቢ ከወረደ በኋላ ኃይሉ ይደክማል። በአጭሩ፣ ለብ ባለውም በበረታውም ቀን መጠንቀቅ ነው።

ጭራዋ ስትወረወር

አዛውንቱ በዚያ እሑድ ለልጁ የነገሩት፣ የመንዳት አስተማሪዎችም የሚሉት ይህንኑ ነው። በለስላሳ እግር ተነሳ፤ ማርሽ የምትቀይር ከሆነ በሁለተኛ ማርሽ ተነሳ። ፍጥነትህን ከመታጠፊያው በፊት፣ መኪናዋ ቀጥ ብላ ሳለች ጨርስ። በረዶ ላይ ማርሽ በድንገት አትቀንስ፤ ሞተሩ የኋላ ጎማዎችን ብቻ ይዞ እንደ እጅ ፍሬን ጭራዋን ይወረውራታል።

ከተወረወረች ደግሞ ፍሬን አትንካ። እግርህን ከነዳጁ ላይ ቀስ ብለህ አንሳ፤ ማርሽ ካለህ ፍሪሲዮን ርገጥ። ዓይንህን ከበረዶ ክምሩ ላይ አንሳና መሄድ ወደምትፈልግበት ተመልከት፤ መሪህንም ወደዚያው አዙር። መስተካከል ስትጀምር መሪውን ቶሎ መልስ፤ ካልመለስክ በሌላው በኩል ትወረወራለች። ጨርሶ ከእጅህ ከወጣች ግን ፍሬኑን አጥብቀህ ያዝና እስክትቆም ጠብቅ።

ከ2012 ሞዴል ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጥ አዲስ የቤት መኪና ሁሉ መንሸራተትን የሚቆጣጠር የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። ይህ መሣሪያ የአንዱን ጎማ ፍሬን ለብቻው እየያዘ፣ ሞተሩን እያቀዘቀዘ ብዙ ሰው አትርፏል። አታጥፉት። ነገር ግን የሌለ ደመወዝ ሊፈጥር አይችልም።

ሁለት ነገር ልጨምር። ከኋላ ጎማዎች በላይ በሚገኘው የዕቃ ቦታ ሁለት ከረጢት አሸዋ በደንብ ታስሮ ቢቀመጥ ጎማውን ይጫናል፤ ስትሰምጡም ከጎማው ሥር ይበተናል። ሁለተኛውና ዋነኛው፣ በረዶ ውስጥ ተይዛችሁ ሞተር እያሠራችሁ ለመሞቅ ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ጭስ ማውጫውን በአካፋ ክፈቱ። የስፖርት መኪና ዝቅ ያለች ስለሆነች ጭስ ማውጫዋ ቶሎ ይደፈናል፤ ሽታ የሌለው መርዘኛ ጋዝም ወደ ውስጥ ይመለሳል። በዚህ የተነሳ ተኝተው ያልነቁ ሰዎች አሉ።

ደግሞም ፈረስም የሚታሰርበት ቀን አለው። በ1991 ከጥቅምት 31 እስከ ኅዳር 3 ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል ላይ የወረደው በረዶ 72 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር። በረዶው የመኪናዋን ሆድ ከነካ ጎማው መሬት ማግኘቱ ያበቃል፤ የትኛውም ብልሃት አይሠራም። ለአለቃ ደውሎ “ዛሬ አልመጣም” ማለት አያሳፍርም። የአንድ ቀን ደመወዝ ይተካል።

በሚቀጥለው ሳምንት ልጁ አራት የክረምት ጎማ አስገጠመ። እሑድ ጠዋት፣ ባለቤቱን አስፈቅደው፣ ባዶ የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላይ አዛውንቱ አጠገቡ ተቀምጠው በቀስታ አለማመዱት። ጭራዋን ሆን ብሎ እያስወረወረ መመለስ ተማረ። መጀመሪያ ላይ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ ኋላ ላይ ይስቅ ጀመር።

በመሐል ከሀገር ቤት ስልክ ተደወለለት፤ እናቱ ነበሩ። ሜዳው ላይ አቆመና አነሳ።

“በረዶ አለ ይላሉ፣ እውነት ነው ልጄ?”

“አለ እማዬ፤ ግን ቀስ ብዬ ነው የምነዳው።”

ስለ ሀገር ለመሟገትም፣ ለመርዳትም፣ አንድ ቀን ተመልሶ ለማየትም አስቀድሞ በሕይወት ማደር ያስፈልጋል። ጎማችሁን ዛሬ እዩ። ቸር ያሰንብተን።